ለጅቡቲ መንገደኛ የሦስት ወር ፈረንሳይኛ

«ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ያባቶች ቃል እውነትነቱ ይልቁንም በሰው አገር ይታወቃል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጸሐፊ፥ ቋንቋው ስላልተፈታለት ብቻ ሥራውን እንደማያውቅ ይቈጠራል። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ ለመሄድ ሦስት ወር የቀረዎት እንደ ሆነ፥ ሻንጣዎን ከማሰናዳትዎ በፊት ምላስዎን ያሰናዱ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻነቷን ባገኘችው ጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። በየቤቱና በየገበያው ግን ሱማልኛና አፋርኛ ይሰማል። እንግዲህ ፈረንሳይኛው ይበልጡን የሚያስፈልግዎ በቢሮና በትምህርት ቤት ነው። ደግሞም ባዶ እጅዎን አይጀምሩም። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር «ለገሃር» የሚለውን ስም ትቶልናል፤ ይኸውም «ላ ጋር»፥ ማለት ጣቢያው ነው። «ቢሮ»ም የዚያው ቋንቋ ቃል ነው።

የመጀመሪያው ወር ለጆሮ ይሁን። በቃል መጨረሻ የሚጻፉት የፈረንሳይኛ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ አይነበቡም። ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ሲያናግሩት ግራ የሚገባው ስለዚህ ነው። ከራዲዮ ወይም ከስልክዎ አጭር ንግግር ሰምተው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይድገሙት፤ ጽሑፉን ከዚያ በኋላ ይመልከቱ።

በሁለተኛው ወር አቋራጩን ይያዙ። ስለ ወደፊቱ ጊዜ ለመናገር «ዠ ቬ» ብለው ግሱን ያስከትሉ፤ «ዠ ቬ ፓርቲር» ማለት «ልሄድ ነው» ነው። ለመጠየቅም በዐረፍተ ነገሩ ፊት «ኤስ ከ» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው ወር ለቍጥርና ለሰዓት ይሁን። በፈረንሳይኛ ሰባ «ስልሳ ዐሥር»፥ ሰማንያ «አራት ሃያ»፥ ዘጠና «አራት ሃያ ዐሥር» ይባላል። በጅቡቲ ፍራንክ ዋጋው በመቶና በሺህ ስለሚጠራ፥ ቍጥር ያልለየ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። ከጧቱ 2 ሰዓት የምንለውንም እነርሱ 8 ይሉታል። ጧት ለመገናኘት አስበው «ሁለት» ብለው ቢቀጥሩ፥ ሰውዬው የሚመጣው በእኛ 8 ሰዓት ነው።

አክብሮትንም አይርሱ። እኔ እርስዎን «እርስዎ» እንደምል፥ ለማያውቁት ሰውና ለአለቃ «ቩ» ይባላል፤ «ቱ» ለወዳጅና ለልጅ ነው። ጕዳይዎን ከመናገርዎ አስቀድመው «ቦንዡር» ይበሉ፤ ያለ ሰላምታ መጠየቅ እዚያም ነውር ነው። ያልገባዎትን በይሉኝታ ራስዎን እየነቀነቁ አይለፉት፤ «ዠ ን ኮምፕራን ፓ»፥ አልገባኝም፥ ማለት ከሐሰተኛ «ዊ» ይሻላል። ያልገባውን ትእዛዝ የተቀበለ ሠራተኛ ኋላ በሥራው ይጠየቃልና።

እዚያ ሲደርሱ አማርኛ የሚናገር ወገን አያጡም፤ ደስታውም ትልቅ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሁሉ ከእርሱ ጋር የዋሉ እንደ ሆነ የሦስት ወር ድካምዎ ከንቱ ይቀራል። ምሽቱን ለወገን፥ ቀኑን ለፈረንሳይኛ ያድርጉት። ቦን ቮያዥ፤ መልካም መንገድ!