ባዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ከነላቡ

የሐበሻ ቤተሰብ "ልጄ ዶክተር ትሆናለች" ሲል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ነጩ ጋዋን ነው። ከጋዋኑ በፊት የሚሞላው ቅጽ አይታየውም። በአሜሪካ አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሚጠይቋቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ በአጭር መስመር የሚያልቅ ነው፦ ባዮሎጂ፣ አንድ ዓመት፣ ከላብራቶሪ ጋር። በተለመደው ስሌት ሁለት ሴሚስተር፣ 8 ክሬዲት። ሲያነቡት ቀላል ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ሲጀምሩት ነው።

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆና እየሠራች ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምትማር አንዲት ወጣት እናስብ። ጠዋት 1 ሰዓት ከሥራ ወጥታ ጥቂት ተኝታ፣ 7 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ትገባለች። በዕለቱ ሥራው ዲኤንኤ መለየት ነው። በቀጭኗ ፒፔት 10 ማይክሮሊትር ቀድታ፣ እንቅልፍ ባልጠገበ እጅ፣ ከጄሉ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳውን ሳትነካ መጣል አለባት። መብራቱ ሲለቀቅ ዲኤንኤው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ መሳብ ይጀምራል፤ አጫጭሩ ቁራጭ ይቀድማል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ያን እስኪያዩ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። 10 ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲህ ሠርታ የምታገኘው 1 ክሬዲት ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ በሳምንት 3 ሰዓት መምህር ማዳመጥ 3 ክሬዲት ያስገኛል፤ ላብራቶሪ ውስጥ 3 ሰዓት ቆሞ መሥራት ግን 1። የሐበሻ ተማሪዎች ላብራቶሪን "ላብ" ብለው ሲያሳጥሩት ቃሉ በአማርኛም ቦታውን አልሳተም።

ችግሩ ግን ድካሙ አይደለም። ችግሩ "የትኛው ባዮሎጂ?" የሚለው ነው።

ኮሌጆች ባዮሎጂ የሚል ስም ያለው ኮርስ በሁለት በሦስት ዓይነት ይሰጣሉ። ለሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጥ አለ፣ ሌላ ሙያ የሚያጠኑ ክሬዲት እንዲሞላላቸው የሚወስዱት ቀለል ያለም አለ። ሁለተኛው በሕክምና ትምህርት ቤት በር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም። ለነርስነት የተዘጋጀውን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የወሰደች ልጅ የሰውን አካል ከአጥንት እስከ ነርቭ አጥንታ ሳለ፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት "ይህ መሠረታዊ ባዮሎጂን አይተካም" ይላታል። በሃይስኩል የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ) ባዮሎጂ ፈተና ከፍተኛውን ውጤት፣ 5፣ ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲት ሰጥቶት ከባዮሎጂ አንድ ያሳልፈዋል። ኋላ ግን ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያንን ክሬዲት አይቆጥሩለትም፣ ወይም በምትኩ ከፍ ያለ የባዮሎጂ ኮርስ ውሰድ ይሉታል። ከኢትዮጵያ በባዮሎጂ ዲግሪ ይዞ የመጣውም አይቀርለትም፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ውጭ በተወሰደ ኮርስ ብቻ አያስገቡም። ለሌሎች ሲያስተምር የኖረውን ሴል ተመልሶ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ሊማር ይቀመጣል።

ይህ የባዮሎጂ መስመር ከየት መጣ? ጆንስ ሆፕኪንስ በ1893 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ትምህርት ቤቱን ሲከፍት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ብቻ እቀበላለሁ ማለቱ በጊዜው እንደ እብደት የሚታይ ነበር። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ ባወጣው ሪፖርት፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የኮሌጅ ትምህርት የሚጠይቁት 16 ብቻ መሆናቸውን አሳየ፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሳይማሩ ሕክምና መጀመር ይቁም አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሒሳቡን የከፈሉት ግን ሁሉም እኩል አልነበሩም። ለጥቁሮች ከነበሩት 7 የሕክምና ትምህርት ቤቶች 5ቱ ተዘግተው የቀሩት ሜሃሪና ሃዋርድ ብቻ ናቸው። የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን የመሠረቱት ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተመረቁት ከዚሁ ከዋሽንግተኑ ሃዋርድ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነፋሱ ዞሯል። በ2009 የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ከሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ተቋም ጋር ሆኖ ባወጣው ሪፖርት፣ ተማሪ በወሰደው ኮርስ ስም ሳይሆን ባለው ብቃት ይመዘን አለ። በዚህ መንገድ የኮርስ ዝርዝራቸውን ትተው "የሚመከር" ወደሚል ቃል የተሻገሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ስታንፎርድ አንዱ ነው። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። የኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ከ1987 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎችን ያለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ያለ ፊዚክስና ያለ ኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ) ፈተና ሲያስገባ ቆይቶ፣ በ2010 የወጣ ጥናት ከሌሎቹ ተማሪዎች እንዳላነሱ አሳይቷል። ልብ በሉ ግን፣ እነሱም ቢሆኑ ከመሠረታዊ ባዮሎጂ አላመለጡም።

ታዲያ ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ቢነሳስ? እዚህ ላይ ይህ ዓምድ ከለውጥ ፈላጊዎቹ ይለያል። "ብቃት" የሚለው ቃል ለሐኪም ልጅ ግልጽ ነው፤ አባቱን እራት ላይ ይጠይቃል፣ ዩኒቨርሲቲው የመደበለት አማካሪም አለው። ከመጦሪያው ለወጣችው ልጅ ግን "ብቃትሽን አሳዪ" ማለት መንገድ ሳያሳዩ "ድረሺ" ማለት ነው። የኮርስ ዝርዝር ግትር ቢሆንም ካርታ ነው፤ ማንንም ሳታውቅ ልትከተለው ትችላለች። ደግሞም ዝርዝሩ ከበሩ ቢወርድ በጓሮ ይገባል። ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አዲሱ ኤምካት፣ ከ4 ክፍሎቹ አንዱ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ሲሆን፣ በዚያ ክፍል 65 በመቶው የሚመጣው ከዚያው ከመሠረታዊ ባዮሎጂ ነው። "አያስፈልግሽም" ተብላ ያልተማረችው ኮርስ ፈተናው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ተማሪው ከሃይስኩል ወጥቶ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን፣ ባዮሎጂን ጨምሮ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ወስዶ በውጤቱ ይመደባል፤ የትኛው ባዮሎጂ ይቆጠራል ብሎ የሚጨነቅ የለም። የአሜሪካው መንገድ ግን በ22 ዓመት ያልወሰነን ሰው በ30 ዓመቱም ይቀበላል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዲያስፖራው ውስጥ ነርስ፣ ፋርማሲ ረዳት፣ ታክሲ ነጂ ሆነው ሕክምናን ያልተዉት ተስፋቸው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚስተካከለው የመስመሩ አጻጻፍ ነው። በ2020 ኮቪድ ሲገባ ብዙ ትምህርት ቤቶች የኦንላይን ላብራቶሪ እንደሚቀበሉ በሳምንታት ውስጥ በግልጽ ጽፈው ነበር፤ መጻፍ እንደሚቻል ያኔ ታይቷል። አሁንም ከባዮሎጂው መስመር ሥር አራት ነገር ቢጨመር ይበቃል፦ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የኤፒ፣ የኦንላይን ላብራቶሪና የውጭ አገር ክሬዲት። ከእያንዳንዱ አጠገብ "እንቀበላለን" ወይም "አንቀበልም"። የዛሬው ልማድ "እንደ ሁኔታው ይታያል" ነው፤ ሁኔታውን የሚያይላት ሰው የሌላት ልጅ ደግሞ መልሱን የምታውቀው የማመልከቻ ክፍያ ከፍላ፣ ዓመት ጠብቃ፣ ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ባዮሎጂ ሁለት ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ላቡ ዓርብ ከሰዓት። ልጅቷ ከመመዝገቧ በፊት ለአምስት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ኢሜይል ብትልክ፣ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ኮርስ ከዚህ ኮሌጅ ብወስደው ይቆጠርልኛል? ለዚህ የአንድ ቃል መልስ ይበቃል። እሷም በዚያ ቃል መሠረት ከአሠሪዋ ጋር የዓርብ ተራዋን ትቀያይራለች።