ቤተ ዘመድ ሲመክር ልጁም ይጠየቅ

ወላጅ ሲሞት ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ትልቁን አጎቱ ይውሰደው፣ ትንሿ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ትሂድ ይባላል። የጣና ዳር ሰው ይህን ከማንም አልተማረውም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለቤተ ዘመድ ጉባኤ ቦታ ሰጥቶት ነበር። ኒውዚላንድ የማኦሪዎችን ልማድ መነሻ አድርጋ የቤተሰብ ጉባኤን በሕግ የደነገገችው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። እዚያ ባለሙያው መረጃውን ሰጥቶ ይወጣል፤ ዘመዶች ለብቻቸው ይመክራሉ።

እኛ ግን ልማዱን በጭፍን አናወድስም። ልጅ ያለ ዕድሜዋ የምትዳረውም በዚያው በዘመድ ምክር ነው። "ከተማ ሄዳ ትማር" ተብላ መጥታ ጀሪካን ስትሸከም፣ የሰው ልጅ ስታዝል የቀረችው ስንቷ ናት! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ በዘመድ ሸንጎ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የመሬቱ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ወረዳዎች የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ወደዚህ ጉባኤ ይግቡ። ልጁ ይጠየቅ፤ የእናት ወገንም ይጠራ። ውሳኔው በጽሑፍ ይስፈር፤ ልጁን የወሰደው ዘመድ ትምህርት ቤት ማስገባቱን የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በየመንፈቁ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይመልከት። ድሃ አክስት ደግሞ በምርቃት ብቻ ልጅ አታሳድግምና የደብተርና የቀለብ ድጎማ በመጪው በጀት ይያዝላት።