አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ፍርዱ ግን ይቆይ

አውሮፕላን ሲከሰከስ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ በበኩሌ ቀጥታ ወደ ኮሜንቱ ነው የምወርደው። እዚያ ደግሞ ፍርዱ አልቋል፦ «ጥፋቱ የፓይለቱ ነው!»

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2015 የ«ስታር ዋርስ» ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ በ1942 የተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ከሳንታ ሞኒካ ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ልመለስ ቢል አልደረሰም፤ ጎልፍ ሜዳ ላይ ወደቀ። ክፉኛ ቢጎዳም ተረፈ። ዕድሜው 72 ነበር። «ድሮስ በዚህ ዕድሜ ምን አስበረረው?» ማለት ቀላል ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች ግን ሞተሩን ፈትተው አዩ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነው ትንሽ ክፍል ከቦታዋ ተፈትታለች። ቤንዚኑ ከመጠን በላይ በዝቶ ሞተሩን አቆመው። በዚያ ላይ የትከሻ ቀበቶው አውሮፕላኑ ላይ በትክክል ስላልተገጠመ ጉዳቱን አባብሶታል። ይህን ያወቀ የሌላ አሮጌ አውሮፕላን ባለቤት የራሱን ከፍቶ ያያል። ፓይለቱን መስደብ ግን ማንን ያድናል?

«ታዲያ ፓይለት አይሳሳትም?» ካላችሁ፣ በደንብ ይሳሳታል። ራሱ ፎርድ በ2017 ማረፍ ከነበረበት መንደርደሪያ ስቶ አውሮፕላኖች በምድር ላይ በዝግታ የሚተላለፉበት መንገድ ላይ አርፏል፤ ያውም ከሌላ የመንገደኞች አውሮፕላን አናት በላይ አልፎ። ሰውዬው አንድ ነው፤ አንዴ ችግሩ የማሽን፣ አንዴ የራሱ። በግምት የሚፈርድ ሰው ከሁለቱ አንዱን መሳቱ አይቀርም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ምርመራው ሳያልቅ በውጭ አገር ጣታቸውን ወደ ፓይለቶቻችን የቀሰሩ ነበሩ። ያኔ እንዴት እንዳንገበገበን እናስታውሳለን። በኋላ አውሮፕላኑን በራሱ ጊዜ አፍንጫውን ወደታች የሚደፋው ሲስተም ዓለም ያወቀው ጉድ ሆነ።

የአደጋ ምርመራ ዓላማው ቀጣዩን አደጋ መከላከል እንጂ ወንጀለኛ መፈለግ እንዳልሆነ ዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ሕግም ይላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በሰው ስም ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣ ሼር ከማድረጋችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ምርመራው አልቋል ወይ? ካላለቀ፣ እባካችሁ፣ ነፍስ ይማር ብለን እንለፍ።