ከስንቁ ጋር አብሮ የሚገባው
ማሳሰቢያ ለእሥረኛ ቤተሰቦች

ደባርቅ ወይም ጎንደር ማረሚያ ቤት ሰው ያላችሁ የበየዳ፣ የጃናሞራ፣ የዳባትና የደባርቅ ቤተሰቦች፣ ይህ ማሳሰቢያ በተለይ ለእናንተ ነው። የማታውቁትን ኪኒን፣ ደብተር፣ መጽሐፍ ወይም ደብዳቤ የሌላ ሰው አደራ ብላችሁ ወደ ማረሚያ ቤት አታስገቡ። የጎረቤት ልጅ ቢለምናችሁም፣ «እናቴ፣ ይችን ብቻ ለወንድሜ ያድርሱልኝ» ብሎ ቢያለቅስም አታስገቡ።

ከድል ይብዛ ሌሊት ተነሥታ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ ደባርቅ የደረሰች እናት በሶዋንና ቆሎዋን አቅፋ የጠያቂ ሰልፍ ትይዛለች። ፍተሻው ላይ ካመጣችው ስንቅ ቆንጥራ እንድትቀምስ ትጠየቃለች፤ ትቀምሳለች፤ ታልፋለች። ቅምሻው ምግቡ መመረዝ አለመመረዙን ለማወቅ ይረዳ ይሆናል። ደብተር ግን ማንም አይቀምስም። ዛሬ በብዙ አገር እሥር ቤቶች ሰው የሚጥለው ነገር የሚገባው ደግሞ በወረቀት ነው።

ይህን የምጽፈው ደባርቅ ላይ ተያዘ ብዬ ሳይሆን፣ ሌላ አገር እንዴት እንደገባ ስለሚታወቅ ነው። በወረቀት የሚገባው ዋናው ዕፅ ስፓይስ ይባላል፤ መነሻው ቤተ ሙከራ ነው። ፕሮፌሰር ጆን ሃፍማን የተባሉ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ሐሺሽ አእምሮ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማጥናት በርካታ ኬሚካሎች ሠሩ። ሰው እንዲወስዳቸው የታሰቡ አልነበሩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋዴዎች ቀመሩን ከምርምር ጽሑፎች ላይ አንሥተው፣ ኬሚካሉን በደረቅ ቅጠል ላይ እየረጩ አውሮፓ ውስጥ ሸጡት። ወደ እሥር ቤት ሲመጣ ቅጠሉም ቀረ። ፈሳሹ በወረቀት ላይ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ደብዳቤ ይመስላል፤ የልጅ ሥዕል ሆኖ የገባበትም ጊዜ አለ።

የእንግሊዝ እሥር ቤቶች የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2013 እስከ መስከረም 2016 ባለው ጊዜ ብቻ ከእነዚህ አዳዲስ ዕፆች ጋር የተያያዙ 79 የእሥረኞች ሞቶችን የአገሪቱ የእሥር ቤት እንባ ጠባቂ መዝግቧል። አንዱ ዓይነት ማምባ ስለሚባል፣ እሥረኞቹ ደጋግሞ የሚመላለሰውን አምቡላንስ «ማምቡላንስ» ብለው እስከ መሰየም ደረሱ። ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን የእሥር ቤቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነገር ነው፦ አዲስ የገባው ዕቃ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ደካማ እሥረኞች ላይ ይሞከር ነበር። ያጨሳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሌላው ቆሞ ያያል። የዕፁ ዕዳም ከግድግዳው ውጭ ይወጣል፤ እሥረኛው ያልከፈለውን ሻጮቹ ከእናቱ፣ ከሚስቱ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እሥር ቤት ያለ ልጃችሁ በድንገት «ገንዘብ በዚህ ሰው ስልክ በቴሌብር ላኩልኝ» እያለ ቢያስቸግራችሁ፣ ምክንያቱንም መናገር ቢፈራ፣ ጉዳዩን እንደ ቅብጠት አትዩት።

አንድ ወረቀት ላይ ያለው መጠን እንኳ እኩል አይደለም። ፈሳሹ አንዱ ጥግ ላይ ይጠራቀማል፤ ትናንት ከዳር ተቀዶ ጉዳት ያላደረሰው ዛሬ ከመሐል ሲቀደድ ይገድላል። አሁን ደግሞ ናይታዚን የሚባሉ የባሱ መጥተዋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲባ በተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ለሕመም ማስታገሻነት ተሠርተው ነበር፤ ኃይላቸው ከልክ በማለፉ መድኃኒት ሆነው ገበያ አልወጡም። አንዳንዶቹ ፈንታኒል ከሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ይበረታሉ። ሴራሊዮን ውስጥ ወጣቶችን ሱሰኛ ባደረገው ኩሽ በሚባለው ዕፅ ውስጥም እነዚሁ ተገኝተዋል። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ማዳ ቢዮ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ያወጁትም በኩሽ ምክንያት ነው። ነገሩ የሀብታም አገር በሽታ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ሴራሊዮንን ይመልከት።

ለእኛ ቅርቡ ትራማዶል ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም የሚያዝዘው፣ ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት የሕመም ማስታገሻ ነው። «ወገቤን አሞኛል፣ ከውጭ ግዙልኝ» የሚል መልእክት ከእሥር ቤት ሲመጣ ቤተሰብ ያዝንና ይገዛል። እውነት ታምሞ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ግን የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክና የሐኪም ማዘዣ ነው። ትራማዶል ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽን ያዘገያል። ብርድ በርትቶ አረቄ እንደ መድኃኒት በሚታይበት አገራችን ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

የስፓይስን ምልክት የምታውቁት በሌላ ስም ሊሆን ይችላል። ልጁ ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ፣ ዓይኑ ፈጦ ቆሞ ሲቀር፣ ያለ ምክንያት ሲደባደብ፣ በእኛ አገር «አብሾው ተነሣበት» ይባላል፤ ወይም ልክፍት ነው ተብሎ በገመድ ታስሮ ጸበል ይወሰዳል። ጸበሉን የሚቃወም የለም። የታሰረና የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በኪኒን የተጎዳው ደግሞ ጸጥ ይላል፦ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብባል፣ ትንፋሹ እየራቀ ይመጣል፣ ያንኮራፋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ያንን ማንኮራፋት እንቅልፍ ነው ብሎ ማሳለፍ የብዙ ሰው ሞት ነው።

አብራችሁ ታስራችሁ ይህን የምታዩ ታራሚዎች ዘብ ጥሩ፤ አትፍሩ። የወደቀውን በጎኑ አስተኙት። ወተት፣ ሎሚ፣ ውኃ በአፉ አታፍስሱበት፤ ያንቀዋል። የወሰደው ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቅሪቱ ካለ ስጡ። ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ የትራማዶልና የናይታዚንን ዓይነት ሊመልስ ይችላል፤ ስፓይስን ግን ምንም አያደርገውም። ሐኪሙ እውነቱን ካላወቀ ውድ ደቂቃዎች ይባክናሉ። የማረሚያ ቤት ኃላፊዎችም የተናገረውን ታራሚ ከቀጡ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይናገርም።

ሕጉም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕፅ ለሚነግድና ለሚያዘዋውር ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እሥራትና መቀጮ ይደነግጋል። ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት አለማወቋን በፍርድ ቤት ማስረዳት ሊኖርባት ይችላል፤ እስከዚያ ደግሞ ወራት በቀጠሮ ያልፋሉ።

ፍተሻው ግን ጠያቂን ማባረሪያ እንዳይሆን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ታሳሪ በዘመዱ፣ በሃይማኖት አባቱና በሐኪሙ የመጎብኘት መብት ሰጥቶታል። አሜሪካ ውስጥ የፔንሲልቬንያ ግዛት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ዋናውን ደብዳቤ አግዳ ቅጂውን ብቻ ለእሥረኛ መስጠት ጀመረች፤ ስኮትላንድም በ2021 መጨረሻ ተከተለች። እሥረኛው የእናቱን እጅ ጽሕፈት በፎቶኮፒ ያያል። ዕፁ ግን ሌላ በር አላጣም፤ በድሮን ይገባል፣ ጉቦ በበላ ጠባቂም ይገባል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከዋናው በር የሚገባውን ደብተር ያህል በሠራተኛ መግቢያ የሚገባው ኪስም ይፈተሽ።

ልጃችሁ ተፈትቶ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ጠብቁ። እሥር ቤት ገብቶ ለወራት ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን አይችልም። በወጣ ሰሞን የድሮ ጓደኞቹ ዳባት ላይ ሲቀበሉት የድሮውን ያህል ከወሰደ ሊሞት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻውን አታስተኙት። ሱስ ካለበት ደባርቅ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።