ኮድህ ምንድነው?

የፈተና ወረቀት ሲታደል ከሁሉ በፊት ጎረቤታችንን የምንጠይቀው «ኮድህ ምንድነው?» ብለን ነበር። ኮድ ኤ የደረሰው ሲስቅ ኮድ ቢ የደረሰው ላብ ላብ ይለዋል። መምህሩ ኩረጃን ለመከላከል ያደረጉት ነው፤ ደግ አደረጉ። ግን ሁለቱ ወረቀቶች እኩል እንደሚከብዱ ማን መዘናቸው? ማንም!

«ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ፕሮግራሚንግ ምን አገባችሁ?» ትሉን ይሆናል። ያገባናል። እዚህ መቐለ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ዛሬም የሚያወሩት ይህንኑ ነው። አንዱ «ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምር» ይባላል፤ ሌላው «ከ1 እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ለይ» ይባላል። ሁለቱም «የሉፕ ጥያቄ» ናቸው። ሁለተኛው ግን ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ ይፈልጋል። ማርኩ ደግሞ እኩል ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኮድፎርሰስ የተባለው የፕሮግራሚንግ መወዳደሪያ ለየጥያቄው ከ800 የሚጀምር የክብደት ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ የሚወጣው በግምት ሳይሆን ማን ፈታው፣ ማን አቃተው ከሚለው ነው። የ1200 ጥያቄ ማለት 1200 ደረጃ ያለው ተወዳዳሪ የመፍታት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ የሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ርዕሳቸው አንድ፣ ቁጥራቸው የተቀራረበ ጥያቄዎችን መርጦ ማደል ለኮምፒውተር የሰከንድ ሥራ ነው።

«የመምህር ዓይን አይበቃም ወይ?» አይበቃም። አንድን ነገር ለዓመታት ያወቀ ሰው፣ አለማወቅ እንዴት እንደነበር ይረሳዋል።

ግን የሰው ሚዛን ተውሰን እንዳንመዝን! ትግራይ ውስጥ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ትምህርትም ቆመ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዓመታት የተቀሙ ተማሪዎችን ሌላ አገር በተለካ ክብደት መለካት ሌላ ግፍ ነው። ስለዚህ ከራሳችን ላብራቶሪ እንጀምር፦ ስንት ሰው ሞከረ፣ ስንቱ ፈታ፣ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ የሚለው ይመዝገብ። የአንድ ክፍል መዝገብ ትንሽ ነውና ቁጥሩ መጀመሪያ ይዋዥቃል፤ እስኪጠራ ድረስ ማሽኑ ያቅርብ፣ መምህሩ ያጽድቅ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ላይ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ለዚያ ቀን የሚያዘጋጀን ልምምድ የዕጣ ጨዋታ ሊሆን አይገባም።

ያኔ ከክፍል ስንወጣ «ኮድህ ምንድነው?» መባባሉ ይቀርና «ሠራኸው ወይ?» እንባባላለን።