ኮምፒዩተሩ ቢፈጥንም አፈሩን ማን ይለካው?

የአርባ ምንጭ ከተማ ንግድ የሚደምቅባት ሲቀላ በግንባታ ላይ ነች፡፡ ከሴቻ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የፎቆቹ ቁጥር ዓመት በዓመት ሲጨምር ይታያል፡፡ ብዙዎቻችን ሕንፃ ሲነሳ የምናየው ፌሮውንና አርማታውን ነው፡፡ ይሁን እንጂ አንድ ፎቅ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት በኮምፒዩተር ውስጥ ተገንብቶና ተጭኖ ይፈተናል፡፡ አሁን የመሐንዲሶች መነጋገሪያ የሆነው ይህንኑ ስሌት ዲፕ ለርኒንግ በሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘዴ ማፋጠን ነው፡፡ እኔ ቴክኖሎጂው ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ፡፡ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የጎደለን ፍጥነት ሳይሆን ልኬት ነው፡፡ ቅደም ተከተሉን ካዛባነው ስህተትን ከማፋጠን ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም፡፡

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለአውሮፕላን አካላት ጥንካሬ ስሌት የዳበረ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሬይ ክላፍ ናቸው፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ አንድ ሶሌታ ወይም ግድብ በአንድ ጊዜ ሊሰላ ስለማይችል በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፈላል፡፡ ለየቁርጥራጩ እኩልታ ይጻፍና ሁሉም ተገጣጥሞ ይፈታል፡፡ ቁርጥራጩ ባነሰ ቁጥር መልሱ ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ ዋጋው ግን ይንራል፡፡ የአንድን ግዙፍ አካል ቁርጥራጮች በየአቅጣጫው በግማሽ ብናሳንሳቸው ቁጥራቸው በ8 እጥፍ ያድጋል፡፡ ስለሆነም ከባዱ ስሌት ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይወስዳል፡፡

ዲፕ ለርኒንግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፡፡ በሺዎች የሚቆጠሩ የተጠናቀቁ ስሌቶች ይሰጡትና በጭነቱና በውጤቱ መካከል ያለውን ዝምድና ይማራል፡፡ ከተማረ በኋላ አዲስ ጥያቄ ሲቀርብለት በሰከንዶች ይመልሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ራይሲ፣ ፔርዲካሪስና ካርኒያዳኪስ ያሳተሙት ሥራ ደግሞ የፊዚክስን ሕግ ራሱን በትምህርቱ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ አስተዋውቋል፡፡ በዚህ መንገድ የሚማረው ሥርዓት የተፈጥሮን ሕግ የሚጥስ መልስ ሲሰጥ ይቀጣል፡፡

የስሊፕነር ትምህርት

ይሁን እንጂ ተማሪ ከመምህሩ ስህተትንም ይወርሳል፡፡ ነሐሴ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በኖርዌይ ስሊፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ የአርማታ መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ፡፡ ኪሳራው 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል፡፡ ምርመራው እንዳሳየው በፋይናይት ኤለመንት ስሌቱ ውስጥ ቁርጥራጮቹ በአግባቡ ባለመዘጋጀታቸው፣ ግድግዳውን የሚቆርጠው ኃይል በ47 በመቶ አንሶ ተገምቶ ነበር፡፡ ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራው ስሌት መሠረቱ በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር ተናገረ፤ በእርግጥ የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር፡፡

እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓይነት ስሌት ሺህ ጊዜ ደግመን ለዲፕ ለርኒንግ ብናስተምረው ምን ይሆናል? ያንኑ የ47 በመቶ ጉድለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ በሚያምር ባለ ቀለም ሥዕል ያቀርብልናል፡፡

ወደ አገራችን ስንመለስ

በእኛ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ከስሌቱ በፊት ይጀምራል፡፡ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢረቅ የአፈሩን ጥንካሬ ራሱ አያውቅም፤ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፡፡ የግልገል ጊቤ 2 የ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ቁፋሮ ባልተጠበቀ ልል መሬት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተስተጓጉሎ ነበር፡፡ ጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ በቀናት ውስጥም ከፊሉ ተደረመሰ፡፡ መሬት ምስጢሩን ለማይጠይቀው አይናገርም፡፡

ሲቀላም ቢሆን የኩልፎ ወንዝ በአጠገቧ የሚያልፍ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሰፈር ነች፡፡ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የተከሰተው ርዕደ መሬት ሸለቆው እንዳልተኛ አስታውሶናል፡፡ ወንዝ ባለበት አካባቢ አሸዋውና ጭቃው በአጭር ርቀት ሊለያይ ስለሚችል፣ የጎረቤትን የአፈር ምርመራ ውጤት ለራስ ቦታ መጠቀም ከመገመት አይለይም፡፡

ጥቅሙ የጎላ የሚሆነው ግን በተራሮቹ ላይ ይመስለኛል፡፡ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል፡፡ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው፡፡ ተዳፋት መሬት ዝናብ ሲጠግብ መቼ እንደሚለቅ በፋይናይት ኤለመንት ሊሰላ ይችላል፤ ሆኖም ዝናቡ እየወረደ ሰዓታት የሚፈጅ ስሌት ለማስጠንቀቂያ አይደርስም፡፡ አስቀድሞ የሠለጠነ ሥርዓት ግን የዕለቱን ዝናብ ተቀብሎ በደቂቃ ውስጥ «ይህ ተዳፋት አስጊ ነው» ሊል ይችላል፡፡ ይህ እንዲሆን በየተዳፋቱ የአፈር ናሙና፣ የዝናብ መለኪያና በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውኃ የሚለካ መሣሪያ መኖር አለበት፡፡ ያለ እነዚህ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ከጥንቆላ አይሻልም፡፡

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተቋቋመውና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ተቋም ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፡፡ ለሕንፃ፣ ለመንገድና ለድልድይ የሚደረጉ የአፈር ምርመራዎች ከከተማው አስተዳደር ጋር በመተባበር በአንድ ቋት ቢከማቹለት፣ ዲፕ ለርኒንግ የሚማርበት የራሳችን መጽሐፍ ይኖረናል፡፡ ሁለተኛ፣ በዚህ ዘዴ የተገኘ ውጤት በተለመደው ስሌትና በመስክ ልኬት ሳይመሳከር ለግንባታ መዋል የለበትም፡፡ ሦስተኛ፣ ፊርማው የመሐንዲሱ ሆኖ ይቀጥል፡፡ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚለው መልስ ፍርድ ቤት ቀርቶ ሕንፃው ሥር የሚኖረውን ቤተሰብ አያሳምንም፡፡

አገሪቱ በ2012 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል አቋቁማ፣ ኋላም ወደ ኢንስቲትዩት አሳድጋዋለች፡፡ መልካም ጅምር ነው፡፡ ነገር ግን ለኮምፒዩተሩ የሚመደበውን ያህል ገንዘብና ትኩረት ለአፈር መሰርሰሪያውና ለዝናብ መለኪያው ካልሰጠን፣ ፈጣኑ ማሽን የሚያሰላልን የሌላ አገር መሬት ይሆናል፡፡ ሲቀላ የምትቆመው ግን በራሷ አፈር ላይ ነው፡፡