በሐዘንተኛ ላይ የተሰጠ ፍርድ

ተማሪዎች ሆይ፤ አብርሃም ሊንከን ማን እንደ ነበሩ ብትጠየቁ ከመካከላችሁ መልሱን የሚያጣ አይኖርም። የአገራቸውን አንድነት ለማስከበር የታገሉ፣ የባሪያዎችን የነጻነት አዋጅ ያወጡ፣ በመጨረሻም በነፍሰ ገዳይ ጥይት የወደቁ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆናቸውን በታሪክ ትምህርታችሁ አንብባችኋል። ስለ ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ ሜሪ ቶድ ሊንከን የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ገንዘብ አባካኝ፣ ቁጡ፣ ቀናተኛ፣ በመጨረሻም እብድ የሚሉ ቃላት ከስማቸው ጋር ተጣብቀው ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። ይህ ፍርድ የተዛባ ነው እላለሁ። እንዲህ የምለው ሴትዮዋ እንከን የለሽ ነበሩ ብዬ አይደለም፤ እንከናቸው የተቆጠረውን ያህል ሐዘናቸው አልተቆጠረም ብዬ ነው።

ወይዘሮ ሜሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው በወሊድ ምክንያት ሞቱባቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሴቶች ያላገኙትን ትምህርት ተምረዋል፤ ፈረንሳይኛ ይናገሩ፣ በፖለቲካም ከወንዶች ጋር ይከራከሩ ነበር። በ1842 በኢሊኖይ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በታላቅ እህታቸው በኤልሳቤጥ ቤት፣ ያን ጊዜ ገና ኑሮ ያልተመቻቸው ጠበቃ የነበሩትን ሊንከንን አገቡ። አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ከአራቱ መካከል እናቱን ለመቅበር የበቃው አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞተው ሁለተኛው ልጅ ኤድዋርድ ሲሆን፣ ጊዜው 1850 ነበር። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ግን ከዚህም የከፋ ነው። በ1862 የካቲት ወር መጀመሪያ፣ የርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ በቤተ መንግሥቱ በመቶ የሚቆጠሩ እንግዶች የተጠሩበት ታላቅ ግብዣ ተደርጎ ነበር። በታችኛው ፎቅ የባሕር ኃይሉ የሙዚቃ ጓድ ይጫወታል፤ በላይኛው ፎቅ የአሥራ አንድ ዓመቱ ዊሊ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። አባትና እናት ከእንግዶቻቸው መካከል እየተነሡ ደረጃውን ይወጡና ይወርዱ ነበር። ዊሊ ያን ወር ሳይጨርስ ሞተ፤ ሕመሙ ታይፎይድ ነበር ይባላል። ለወይዘሮ ሜሪ ልብስ ይሰፉላቸው የነበሩት፣ በባርነት ኖረው ነጻነታቸውን በገንዘባቸው የገዙት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ኬክሊ በ1868 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ እናትየዋ ልጃቸው የሞተበትን ክፍል ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አልረገጡም። ወይዘሮ ኬክሊም ቢሆኑ አንድ ልጃቸውን በዚያው ጦርነት በ1861 ያጡ ሴት ነበሩ። ሁለቱን ሴቶች ያቀራረበው መርፌና ክር ብቻ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

በዚያው ጦርነት የወይዘሮ ሜሪ የአባት ልጆች የሆኑ ወንድሞቻቸው ለደቡቡ ወገን ተሰልፈው ነበር። በ1862 ሳሙኤል በሻይሎ፣ አሌክሳንደር በባተን ሩዥ ወደቁ። በ1863 ደግሞ የእህታቸው ባል ጄኔራል ሄልም በቺካማውጋ ተገደሉ። እስቲ አስቡት፤ የሟቾቹ እህት የጠላት ጦር የበላይ አዛዥ ሚስት ናቸው። ሰሜኑ ለደቡብ ይሰልላሉ ብሎ ጠረጠራቸው፤ ደቡቡ ዘራቸውን እንደ ከዱ ቆጠራቸው። ለወንድም በአደባባይ ማልቀስ እንኳ የሚያስወቅስ ሆነ።

ገንዘብ አባክነዋል መባሉን አልክድም። ምክር ቤቱ ለቤተ መንግሥቱ ዕድሳት ከፈቀደው 20,000 ዶላር በላይ አውጥተዋል፤ ወታደር በብርድ በሚሠቃይበት ጊዜ ምንጣፍና መጋረጃ መግዛታቸውም በትክክል ተነቅፏል። ነገር ግን እኚሁ ሴት የቆሰሉ ወታደሮችን በየሆስፒታሉ እየዞሩ ይጎበኙ፣ መጻፍ ለማይችሉት ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር። ጋዜጦቹ ስለ መጋረጃው የጻፉትን ያህል ስለ ደብዳቤው አልጻፉም።

ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ሌሊት በፎርድ ቴያትር ቤት ባለቤታቸው በጥይት ሲመቱ ወይዘሮ ሜሪ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። ቁስለኛው በመንገዱ ማዶ ወደሚገኝ ቤት ተወስደው ሌሊቱን ሲያጣጥሩ፣ ሚስትየው በጣም ጮኹ ተብለው ከክፍሉ እንዲወጡ ተደረገ። ስለዚህ ሊንከን በማግሥቱ ጠዋት ሲያርፉ ሚስታቸው አጠገባቸው አልነበሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጥቁር ልብስ ከሰውነታቸው አልወረደም። በ1867 ዕዳ ሲያስጨንቃቸው የቀድሞ ልብሳቸውን በኒው ዮርክ ለመሸጥ ቢሞክሩ ጋዜጦች መሳለቂያ አደረጓቸው። ሰማዕት ተብሎ ሐውልት የሚቆምለት ሰው ሚስት ቀሚሷን ለመሸጥ መገደዷ ያሳፈረው ማንን ነው? አገሩን ሊያሳፍር ሲገባው፣ ያፈረባት ራሱ አገሩ ሆነ። ምክር ቤቱ በዓመት 3,000 ዶላር ጡረታ የፈቀደላቸው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1870 ነው።

በጀርመን አገር አብሯቸው ቆይቶ የተመለሰው የመጨረሻው ልጃቸው ታድ በ1871 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። አሁን የቀራቸው የበኩር ልጃቸው ሮበርት ብቻ ነበር። በ1875 ወይዘሮ ሜሪ ፍሎሪዳ ሳሉ፣ ሮበርት ሊሞት ነው የሚል ሐሳብ በድንገት ያዛቸውና ቴሌግራም ልከው ወደ ቺካጎ ገሠገሡ። ሮበርት ጤነኛ ነበር። እናትየው ግን ድህነትን ከመፍራታቸው የተነሣ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ የቦንድ ሰነድ በልብሳቸው ውስጥ ሰፍተው ይዞሩ፣ የሌለ ድምፅም ይሰሙ ነበር። ልጅየው እናቱን ፍርድ ቤት አቆመ።

ሜይ 19 ቀን 1875 በቺካጎ የተሰየመው ችሎት ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ አለቀ። ፍርዱን የሰጡት አሥራ ሁለት ወንዶች ናቸው። ለሴትዮዋ የቆመው ጠበቃ አንድም የመከላከያ ምስክር አልጠራም። ሸንጎው ከጥቂት ደቂቃ ምክክር በኋላ እብድ ናቸው አለና በባታቪያ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ተላኩ።

«ታዲያ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ታሞ አይደለምን?» ብላችሁ ትከራከሩኝ ይሆናል። መልካም ክርክር ነው። ሐኪሞችና የታሪክ ጸሐፊዎች በሕመማቸው ስም ላይ እስካሁን አልተስማሙም፤ እኔም ታመው ሊሆን ይችላል እላለሁ። ሮበርትንም ጨካኝ አልለውም፤ እርሱም አባቱንና ሦስት ወንድሞቹን የቀበረ ሰው ነበር። የምቃወመው ሕመም እንደ ነውር መቆጠሩን ነው። ሊንከን ራሳቸው በብርቱ ትካዜ ይታወቁ ነበር። የባልየው ትካዜ ጥልቅ አሳቢ አሰኛቸው፤ የሚስትየው ሐዘን ግን እብድ አሰኛቸው። አንዱ ቤተሰብ በሁለት ሚዛን ለምን ተመዘነ?

ወይዘሮ ሜሪ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ማይራ ብራድዌል የተባሉ የሕግ ዐዋቂ ሴት ባደረጉላቸው ትግል ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው ወደ እህታቸው ቤት ተለቀቁ፤ በ1876 ሌላ ሸንጎ ጤነኛ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። ይህ ሁለተኛው ፍርድ ግን እንደ መጀመሪያው አልተወራም። ከዚያም በፈረንሳይ አገር በፖ ከተማ አራት ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። በ1880 ታመው ሲመለሱ የተቀበሉት እህታቸው ኤልሳቤጥ ናቸው። ጁላይ 16 ቀን 1882፣ ታድ በሞተ በአሥራ አንደኛው ዓመት ማግሥት፣ ወይዘሮ ሜሪ በዚያው ቤት ዐረፉ። አስከሬናቸውም ከአርባ ዓመት በፊት ሙሽራ ሆነው ከቆሙበት ቤት ወጥቶ ከባለቤታቸውና ከሦስቱ ልጆቻቸው ጋር በስፕሪንግፊልድ ተቀበረ።